ሆድ የሌለው አስተናጋጅ

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ በሚገዛው ሸለቆ ውስጥ የእንግዶች አስተናጋጅ ሆኖ የተሾመው አያ ጅቦ ነበር። ጅብን ለዚህ ሥራ ማን እንዳጨው እስከ ዛሬ «እኔ ነኝ» ብሎ የተናገረ የለም፤ ቢኖርም አፍሮ ዝም ብሏል። ሥጋው ከማድ ቤት ሲወጣ ሙሉ ነው፤ እንግዳው ፊት ሲደርስ አጥንት ነው፤ አጥንቱም የተላሰ ነው።

«ምነው አያ ጅቦ፣ ሥጋው የት ገባ?» ሲሉት፣

«መንገዱ ሩቅ ነው ጌቶቼ፤ ነፋሱ ነው የሚያደርቀው» ይላል፣ ከንፈሩን እየላሰ።

አያ አንበሶ በእንግዶቹ ፊት ማፈር ሲሰለቸው እመት ቀበሮ ብቅ አለች። እመት ቀበሮ ከአዳራሹ ሥር ባለው ዋሻ ከልጆቿ ጋር የምትኖር፣ እጇም ምላሷም ሥራ የማይፈታ ብልጥ ነበረች።

«ጌታዬ» አለች ጭራዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ «የእርስዎ ችግር አስተናጋጁ አይደለም፤ ሆዱ ነው። ሆድ ያለው አስተናጋጅ ምን ጊዜም መቅመሱ አይቀርም። እኔ ሆድ የሌለው እሠራልዎታለሁ።»

«ሆድ የሌለው? ምን ዓይነት እንስሳ ነው?»

«እንስሳ አይደለም፤ ሮቦት ነው። ከብረት ተሠርቶ በፀሐይ ጉልበት የሚንቀሳቀስ፣ የሚሰማ፣ የሚናገር። አይርበው፣ አይደክመው፣ አይሰርቅ።»

አያ አንበሶ ጋማውን እያሻሸ አሰበ።

«ስሚኝ ቀበሮ። እኔና ነብር በውኃው ጉድጓድ ከተጣላን ስንት ዘመናችን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አሁን ሽማግሌ ገብቶበት ለእርቅ ሊመጣ ነው። ከማዕዴ ከበላ ታረቅን። አፉ ላይ ሳያደርግ ከተነሣ ግን ደም መፋሰሳችን አይቀርም። ያንቺ ብረት ነብርን ካበላልኝ፣ ያለሽበት ዋሻ ለሁልጊዜው ያንቺና የልጆችሽ ይሁን። ካላበላልኝ ልጆችሽን ይዘሽ ወደ ሜዳው ትወርጃለሽ።»

ሜዳው ላይ መጠለያ የለም፤ ከላይ ደግሞ ንስር ቀኑን ሙሉ ያንዣብባል። እመት ቀበሮ ልጆቿ ወዳሉበት ዋሻ ዞር ብላ አየች። ነገር ግን አንዴ ተናግራለች፤ መመለስም አልሆነላትም።

«እሺ ጌታዬ» አለች።

ሄደች፣ ከሰዎች ከተማ ጫፍ ካለው የቆሻሻ ክምር ስታስስ ከረመች። ከጀሪካን ራስ፣ ከጋሪ ጎማ እግር፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ፣ ከመኪና የፊት መብራት ዓይን አወጣችለት። ስታበቃ «ታዘዘው» ብላ ስም አወጣችለት። ልጆቿ ዙሪያውን እየዘለሉ ሲስቁ፣ እሷ ደግሞ ራቅ ብላ ቆማ አየችውና፣ «እኔ እኮ ጉድ ነኝ!» አለች።

አሁን የቀረው መሞከር ነው። በማን ትሞክረው? ከሥራው በመባረሩ አኩርፎ ድንጋይ ሥር የተኛውን አያ ጅቦን ቀሰቀሰችው።

«አያ ጅቦ፣ አትቀየመኝ። ስለ ማዕድ እንዳንተ የሚያውቅ የት ይገኛል? መጥተህ ይኼን ሮቦት ሞክርልኝ።»

«ምን አገኛለሁ?»

«ምግብ።»

«ታዲያ ምን ቁጭ አድርጎሻል? እንሂዳ!»

ታዘዘው ሥጋውን ይዞ እየተንከባለለ መጣ። «አያ ጅቦ፣ ይጨመር?»

«ይጨመር!»

«አሁንስ፣ ይጨመር?»

«ምን ትጠይቀኛለህ? ይጨመር!»

ያለውን ሁሉ ጠርጎ ከበላ በኋላ አያ ጅቦ ሆዱን እያሻሸ ምስክርነቱን ሰጠ። «እመት ቀበሮ፣ እንዲህ ያለ አስተናጋጅ አይቼም አላውቅ። ‹ይጨመር› ስለው ይጨምራል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

እመት ቀበሮ በደስታ ጭራዋ መሬት አልነካ አለ። በማግሥቱም በሱ ሞከረች፣ ከዚያም ወዲያ በሱ ሞከረች፤ ሁልጊዜ ሰመረላት። እንግዲህ በአገሩ ሁሉ ይሉኝታ የሚባል ነገር ያልተፈጠረበት አንድ እንስሳ ቢኖር ጅብ ነው። እሷም መርጣ መርጣ እሱን አገኘች!

ነብር ከመምጣቱ በፊት አያ አንበሶ ጎረቤቶቹን ለልምምድ ምሳ ጠራ። እመት አህያ፣ ከርከሮ፣ ሽማግሌው ዝንጀሮና ጃርት ተሰበሰቡ። አያ ጅቦም ሳይጠራ መጥቶ ጥግ ያዘ። በሸለቆው ሕግ መሠረት ማዕድ ላይ ማንም ማንንም አይበላም፤ ለሥጋ በሉ ሥጋ፣ ለሣር በሉ ገብስ፣ ለሥራ ሥር በሉም የሚበጀው ይቀርባል።

ታዘዘው ገባ፤ እመት ቀበሮም ከምሰሶው ጀርባ ሆና ታያለች። ጃርት እንደ ወጉ ተነሥቶ ሰላምታውን ጀመረ።

«እንዴት ነህ ልጄ? ደህና ነህ? ሰውነትህ ደህና ነው? ልጆችህስ ደህና ናቸው?»

«ልጆች የሉኝም» አለ ታዘዘው። «ምን ይምጣ?»

ጃርት ደንግጦ ተቀመጠ። ታዘዘው እመት አህያ ፊት ቆመ።

«ገብስ ይቅረብ?»

እመት አህያ ከወንዝ ማዶ ጀምራ በባዶ ሆዷ የመጣች ናት። ግን ምን ትበል? «ኧረ ምን አስቸገራችሁ፤ እኔ እንኳ በልቼ ነው የመጣሁት» አለች።

«እሺ» አለና ገብሱን ይዞ ሄደ።

ከርከሮ አንዴ ጎረስ አድርጎ «በቃኝ፣ በቃኝ» አለ። «እሺ» ብሎ ሳህኑን አነሣበት። ጃርት «ለሌሎቹ ይቅረብ፣ እኔ ግዴለም» አለ። «እሺ» ብሎ አለፈው። ዝንጀሮም «ተወው ልጄ» ቢል፣ «ተውኩት» አለው። ዓይን ተገልጦ እስኪከደን ድረስ ማዕዱ ባዶ ሆነ። ከጥግ በኩል ብቻ «ይጨመር! ኧረ ይጨመር!» የሚል ድምፅ ይሰማል።

እንግዶቹ «እንዴት ያለ ግብዣ ነው! ጠገብን!» እያሉ መርቀው ወጡ፤ ሆዳቸው ግን ከአፋቸው በላይ ይጮኻል። በመንገዳቸው ላይ ወሬው ተጀመረ። «የአንበሶ ቤት ምግቡን ያሳዩሃል፣ ከዚያ ይወስዱታል።» ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሸለቆውን አዳረሰ።

አያ አንበሶ እመት ቀበሮን አስጠርቶ ሲያገሣ ከጣሪያው አቧራ ረገፈ።

«ጌታዬ፣ እነሱ እኮ ናቸው ‹በቃን› ያሉት!» አለች።

«አንቺ ሴትዮ! ለመሆኑ አንዴ ሲጠየቅ ‹አዎ፣ ርቦኛል› ብሎ የሚያውቅ፣ ከጅብ በቀር፣ ማን አለ?»

እመት ቀበሮ ይኼን ጨርሶ አላሰበችውም ነበር። ብልጧ ቀበሮ!

«ነብር ሊመጣ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ዋሻሽን አስቢ» አለና ፊቱን አዞረባት።

እመት ቀበሮ ታዘዘውን እየጎተተች ወደ ዋሻዋ ተመለሰች። ልጆቿ ተጠጋግተው ተኝተዋል። እነሱን ስታይ ሜዳው ትዝ አላት። በዚያ ሁሉ ግርግር ቀኑን ሙሉ እህል እንዳልቀመሰች እንኳ አላስታወሰችም። ታዘዘው ግን የተረፈውን ሥጋ ይዞ መጣ።

«እመት ቀበሮ፣ ምግብ ላቅርብ?»

«አይ፣ ተወው፤ ግድ የለም» አለች፣ እንዲሁ ካፏ አምልጧት።

«እሺ» አለና ሥጋውን ይዞ ዞረ።

እመት ቀበሮ ሥጋው ሲሄድ በዓይኗ ተከተለችው። ሆዷ ጮኸ። «ና መልሰው» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን አንዴ «አይ» ካሉ በኋላ እንዴት ተብሎ ይጠራል? አፈረች። ቀጥሎም ማፈሯን አወቀችና ክው አለች።

«በገዛ ብረቴ ፊት ይሉኝታ ያዘኝ!» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ቆይታ እንባዋ መጣ። «እኔው የሠራሁት እኔኑ ጦሜን ሊያሳድረኝ! አይ ታዘዘው፣ ሆድ የለህም፤ ረሃብን በምን ታውቀዋለህ?»

ያንኑ ሰዓት የታዘዘውን ራስ ከፍታ ትነካካው ጀመር። ከእንግዲህ «አይ» የሚባል ነገር እንዳይሰማ አደረገችው። «በቃኝ» ያለውን ሁሉ «በሞቴ!» እያለ እስኪበላ ድረስ እንዳይለቅ አዘዘችው።

በማግሥቱ እመት አህያ ልታጽናናት መጣች። ያን ቀን ሆዷን ቁርጠት ይዟት ስለነበር ገና ከደጅ ጎንበስ ብላ ቆመች። ታዘዘው ገብስ በእጁ ሞልቶ ወጣ።

«እመት አህያ፣ ይብሉ!»

«አይ፣ ዛሬስ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«በሞቴ!»

«እውነቴን ነው፣ አሞኛል።»

«አፈር ስሆን! አንዴ ብቻ! በሞቴ!»

እመት አህያ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ታዘዘው ተከተላት። ሮጠች፤ ተንከባለለ። ድንጋዩን እየዞሩ፣ እሷ «ኧረ የእንስሳ ያለህ!» ስትል፣ እሱ «በሞቴ!» ሲል፣ የቀበሮ ልጆች በሳቅ መሬት ላይ ተንፈራፈሩ። በመጨረሻ አህያ የምታውቀውን አደረገች፤ ዞራ በእርግጫ ጠለዘችው። የጀሪካኑ ራስ ጎደጎደና ታዘዘው ቀጥ አለ።

«ይኼን ነው የሠራሽው?» አለች እመት አህያ እያለከለከች። «የመጀመሪያው ይሻል ነበር እኮ! እሱ ቢያንስ አይሮጥም።»

እመት ቀበሮ ጎኗን ይዛ አሰበች። «አንቺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ለት ‹በልቼ ነው የመጣሁት› ስትይ ርቦሽ ነበር። ዛሬም ‹በልቼ ነው የመጣሁት› አልሽ፤ ዛሬ ግን እውነትም አልፈለግሽም። በምንድን ነው የሚለዩት?»

«እኔ ምን አውቄ! እንዲያው ነው የምለው።»

አህያ አላወቀችም፤ ቀበሮም አላወቀችም። ነገር ግን ቀበሮ ዓይን አላት። ገብሱን አንሥታ ለእመት አህያ አሳየቻት፤ የአህያ ጆሮዎች ወደ ኋላ ተኙ፣ እግሯም አንድ እርምጃ ሸሸ። ታዲያ ያን ለት በግብዣው ላይ? ያን ለት ጆሮዎቿ ወደ ገብሱ ተቀስረው አልነበረም? እግሯስ እዚያው ተተክሎ አልቀረም?

«አፍሽ ሌላ፣ ጆሮሽ ሌላ!» ብላ እመት ቀበሮ ዘለለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋ ማየት ሆነ። የጎረቤቱን ምሳ ሁሉ ከቁጥቋጦ ሥር ሆና ተመለከተች። ከርከሮ ጠግቦ «በቃኝ» ሲል አፍንጫው ወደ ሰማይ ነው፤ ሳይጠግብ ሲል ግን አፍንጫው ከሳህኑ አይነሣም። ጃርት ሲርበው እሾሁ ይቆማል። ሽማግሌው ዝንጀሮ በእጁ ሳህኑን ይከድናል፤ ግን ጣቶቹን ገጥሞ የከደነ እንደሆነ ጠግቧል፣ ጣቶቹን ከፈት አድርጎ የከደነ እንደሆነ «በመካከሉ ጣል አድርግ» ማለቱ ነው። ያየችውን ሁሉ ለታዘዘው አስተማረችው። አፍን ሰምቶ ዓይንን፣ ጆሮን፣ እጅን እንዲያይ፤ ፈልገው ያፈሩትን በሞቴ ብሎ እንዲለምን፤ እውነታቸውን የሆኑትን ደግሞ «እንግዲያው ለሌላ ጊዜ ያድርገው» ብሎ በደስታ እንዲተው። ሰላምታውንም አስረዘመችለት።

አያ ጅቦ ጥርሱን እያፋጨ ብቅ አለ። «መሞከሪያ አትፈልጊም?»

«አንተን ሞክሬ ጨርሻለሁ» አለችው። «አንተ ዕድሜ ልክህን ‹አዎ› ነህ።»

የእርቁ ቀን ደረሰ። ነብር ደረቱን ነፍቶ፣ ማንንም ሳያይ ገባ። ሽማግሌዎቹ በጭንቀት ተያዩ። ታዘዘው «ኖር!» ብሎ ፈቀቅ አለ።

«በእግዜር» አለ ነብር በጥርሱ መካከል። «ደህና ነህ? ልጆች ደህና?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን! የእርስዎስ ልጆች? ቤተሰብ? አገሩስ ሰላም ነው?»

ነብር ያልጠበቀው ነገር ስለነበር ትከሻው ትንሽ ወረደ። ሥጋው ሲቀርብለት ግን ፊቱን አዞረ።

«አልበላም። የመጣሁት ለነገር እንጂ ለሆድ አይደለም።»

 እመት ቀበሮ ከምሰሶው ጀርባ ሆና አንገቷን አሰገገች። ታዘዘው አልቸኮለም። የመኪና መብራት ዓይኑን አደብዝዞ ተመለከተ። የነብር ፊት ወደ ግድግዳው ነው፤ ጺሙ ግን ወደ ሥጋው ይንቀጠቀጣል፣ የጭራው ጫፍም ትወዛወዛለች።

«በሞቴ አያ ነብሮ፣ አንዴ ብቻ። ለቤቱ ክብር ሲባል።»

«አልኩ እኮ...»

«አፈር ስሆን።»

«እንዲያው አታድክመኝ» አለና ነብር ጎረሰ። ደገመ። ሽማግሌዎቹ በአንድነት ተነፈሱ፤ ከርከሮም አፍንጫውን ሳህኑ ውስጥ ከተተ። እመት ቀበሮ በደስታ ዓይኗን ጨፈነች። ዋሻው የሷ ሆነ!

ስትገልጥ ግን ታዘዘው ወደ አያ አንበሶ እየተንከባለለ ነበር።

አያ አንበሶ እንደ ወትሮው፣ «እኔ በቃኝ፤ እንግዶቹ ይብሉ» አለ። ንጉሥ «በቃኝ» ሲል ደግሞ ሳህኑ ወዲያው ይነሣል፤ ማን ይከራከራል? እመት ቀበሮ ስለ አህያ ጆሮ፣ ስለ ዝንጀሮ ጣት አስተምራለች፤ ስለ ንጉሥ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም። ታዘዘው ንጉሥ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ማየት ነው። እሱም አየ።

«አያ አንበሶ፣ በሞቴ ይብሉ።»

የጃርት እሾህ ሁሉ በድንጋጤ ቆመ። አያ አንበሶ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ምን አልክ?»

«በሞቴ ይብሉ አልኩ።»

«አንተ ብረት! ለመሆኑ ምን ሞት አለህና ነው በሞቴ የምትለኝ?»

 ለታዘዘው መልሱን ማንም አላስተማረውም። የጎደጎደ ራሱን አዙሮ ወደ ምሰሶው፣ ወደ እመት ቀበሮ ተመለከተ። የሁሉም ዓይን አብሮት ዞረ።

እመት ቀበሮ ምላሷ ላይ ማምለጫው ተዘጋጅቶ ነበር። ‹ተበላሽቶ ነው ጌታዬ፤ አህያ ረግጣው ነው› ብትል ነገሩ በሳቅ ያልፋል፤ ዋሻውም አይወሰድባትም። ልትለው ስትል ግን የአያ አንበሶን ዓይን አየች። ዓይኑ ከሥጋው ላይ ነበር። ያን ጊዜ ያጣችው ሥጋ፣ ጠርታ ልትመልሰው ያፈረችው፣ ትዝ አላት። ወደ መካከል ወጣች።

«ሞቱ የኔ ነው ጌታዬ» አለች። «እሱ ‹በሞቴ› ሲል በኔ ሞት ማለቱ ነው። አፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይብሉ፤ ርቦዎታል።»

 ከዚያ አያ አንበሶ ተመልሶ ተቀመጠ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«እናቴ ከሞተች ወዲህ ‹በሞቴ› ያለኝ የለም» አለ። «‹በቃኝ› ስል ሁሉም ‹እሺ ጌታዬ› ብሎ ያነሣብኛል። ጅቡ እንኳ ገና ሳልል ነበር የሚያነሣው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ነብርም ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ከሥጋው ቆረጠና እጁን ዘረጋ። «እንግዲያው ከኔ እጅ» አለ። አያ አንበሶ ከጠላቱ እጅ ጎረሰ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አላበሰውም። እርቁ በዚያች ጉርሻ ታሰረ። እመት ቀበሮም ዋሻዋ ጸደቀላት፤ ከዚያ ወዲያም አያ አንበሶ ሲበላ ከጎኑ የምትቀመጠው እሷ ሆነች።

አያ ጅቦስ? ጥግ ሆኖ ሁሉን ያይ ነበር። «አሃ! እምቢ ያለ ነው የሚከበረው» አለ በልቡ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሳለ ታዘዘው ሌላ ሥጋ ይዞ መጣ። አያ ጅቦ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን በእፍረት አዙሮ፣ «አይ፣ በቃኝ» አለና በሞቴ እስኪባል ጠበቀ።

ታዘዘው ሆዱን አየ። «እንግዲያው ለሌላ ጊዜ ያድርገው አያ ጅቦ» ብሎ ሥጋውን ይዞ ሄደ።

«ኧረ! ለወጉ ነው እኮ ያልኩት! ለወጉ ነው!» እያለ ጅብ እስከ ዛሬ ሲጮኽ ይሰማል።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁሉን የሚያገለግል ነገር መሥራት የፈለገ «አዎ» ብቻ በሚያውቅ አንድ ጅብ ሞክሮ ሠራሁ እንዳይል፣ ይልቁንም አፍ «በቃኝ» ሲል ዓይን የሚለምነውን ቀርቦ እንዲያይ፣ ለሠራው አፍ ቃልም ራሱ እንዲቆም ነው።